የመጠባበቂያው አምስት ሊትር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት ከምሳ በፊት ሰምታችኋል። አሁን እንቅልፍ የሚመጣበት ሰዓት ስለሆነ፣ አዘጋጆቹ ባለፈው ግንቦት በካዛክስታን ስላደረግነው የሞተር ሳይክል ጉዞ እንድናወራችሁ ጠይቀውናል። ሦስት ነበርን። አንዷ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፣ አንዷ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ አንዷ የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ ትይዛለች። ጽሑፉን ያዘጋጀችው መዝገብ ያዧ ስለሆነች ቁጥር ቢበዛባችሁ ታገሡን።

ከተመለስን ጀምሮ በሹክሹክታ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ «ገንዘቡን ከየት አመጡት?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ደጋፊዎቻችን ባሉበት በግልጽ እንመልሰው። ሦስታችን ሁለት ዓመት ተኩል ዕቁብ ጣልን። ዕጣ የደረሳት አልነካችውም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ተቀመጠ። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የሞተሮቹ ኪራይ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቤንዚኑና ማደሪያው ከዚያ ተከፈለ። ከማኅበሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አልወጣም። ደረሰኞቹ በፋይል አሉ፤ ማየት የምትፈልግ ትጠይቀን።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ከባድ አጀንዳ ይጠብቀናል። የመጠባበቂያ ገንዘባችን ለአባላት ይከፋፈል ወይስ ይቀመጥ የሚለው ነው። ይከፋፈል የሚሉት እህቶቻችን ምክንያት አላቸው። ኑሮ ተወድዷል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ገንዘቡ ደግሞ ባንክ ተኝቷል። ከደጋፊዎቻችንም አንዳንዶቹ በዓመቱ መጨረሻ ያልወጣ ገንዘብ ሲያዩ «አላስፈለጋቸውም ማለት ነው» ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። እኛ ከዚያ ሜዳ ይዘነው የመጣነው ነገር ለዚህ ውይይት ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ሁሉንም በየተራው እንነግራችኋለን።

ስቴፕ የሚባለው ዛፍ የሌለው ሰፊ የሣር ምድር ነው። ካዛክስታን 2.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ የኢትዮጵያን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። ሕዝቧ ግን 20 ሚሊዮን አካባቢ ብቻ ነው። የባሕር በር ከሌላቸው የዓለም አገሮች በስፋት አንደኛዋ እሷ ናት፤ በሕዝብ ብዛት አንደኛዋ ደግሞ የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት። ይህን ለአንድ የአልማቲ ባለታክሲ ስንነግረው «እንግዲያ ዘመዳሞች ነን» አለና ሳቀ።

ሴቶች ለብቻቸው በሞተር እንዲህ ያለ ርቀት ሲሄዱ የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ፈረንሳዊቷ ጋዜጠኛ አን ፍራንስ ዶትቪል እ.ኤ.አ. በ1973 በአንዲት 125 ሲሲ ካዋሳኪ ዓለምን ለብቻዋ ዞራለች። በቅርቡ ደግሞ ኖራሊ ስኩንማከር የተባለች የሆላንድ ጂኦሎጂስት ሥራዋን ትታ፣ ሕንድ አገር በገዛችው ሮያል ኤንፊልድ ሞተር፣ በመካከለኛው እስያ በኩል አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2019 አገሯ ገብታለች። ሹፌሯ ጓደኛችን የኖራሊን ፊልሞች ማታ ማታ ስታይ ከርማ ነው ይህን ሐሳብ ያመጣችብን። የእኛ መንገድ ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነበር። ከአልማቲ ተነሥተን በባልካሽ ሐይቅና በካራጋንዳ በኩል አስታና ደርሰን፣ በዚያው መንገድ ተመለስን። ደርሶ መልሱ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ሒሳቡ። የተከራየናቸው ሞተሮች ታንክ የሚይዘው 13 ሊትር ነው። ሞተሩ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ይጠጣል፤ ስለዚህ በአንድ ሙሌት 260 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው። በስቴፑ ላይ ነፋስ የሚያቆመው ተራራም ዛፍም የለም። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ፍጆታው ወደ 6 ሊትር ይወጣል፤ 260 የነበረው 216 ይሆናል። ነፋስ የወሰደው 44 ኪሎ ሜትር በእግር የሚገፋ መሆኑን ማሰብ ነው። ስለዚህ ሁለት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ የመጀመሪያው ማደያ ላይ እንሞላለን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን 5 ሊትር ቤንዚን በጀሪካን ከኋላ እናስራለን። ጀሪካኑ የሚከፈተው ታንክ ሲያልቅ፣ አለዚያም ሌላ መንገደኛ ቤንዚን አልቆበት ስናገኝ ብቻ ነው።

በዚያ አገር ማደያ ላይ የሚከፈለው ከመቀዳቱ በፊት ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ በመስኮት «ስንት ሊትር?» ትላለች። ታንክሽ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ካላወቅሽ ምን ያህል እንደምትገዢ አታውቂም። መዝገብ ያዧ ይህን አሠራር በጣም ወደደችው።

አምስት ሊትር ቤንዚን ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ኮረኮንች መንገድ ላይ የሞተሩን ጭራ ይጎትታል፣ ማታ ማታ መፍታትና ማሰር አለው፣ ልብስ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ባልካሽ ከተማ ስንደርስ ተንከባካቢዋ ጓደኛችን ተቃውሞ አነሣች። «እስካሁን አንድም ቀን አልከፈትነውም። ማደያ በየከተማው አለ። ታንክ ውስጥ ገልብጠን ጀሪካኑን እንጣለው» አለች። ክርክሩ እራት ሰዓት ሙሉ ፈጀ። በመጨረሻ ለሁለት ለአንድ በድምፅ ብልጫ ጀሪካኖቹ ቀሩ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ክርክር ከዚያ ማታው ብዙ አይለይም።

ስለ መንገዱ ትንሽ እንበል። ከአልማቲ ወደ ሰሜን ሲወጡ በረዶ የለበሰው የቲያን ሻን ተራራ ከኋላ እየራቀ ይሄዳል። ከዚያ መሬቱ ይዘረጋል። ፈረሶች በመንጋ፣ ባለ ሁለት ሻኛ ግመሎች፣ አሪቲ አሪቲ የሚሸት ቁጥቋጦ፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ የሚገላበጥ ነጭ ሣር ይታያል። የባልካሽ ሐይቅ ምዕራቡ ጨው አልባ፣ ምሥራቁ ጨዋማ ነው፤ ሐይቁ ግን አንድ ነው። በሐይቁ ዳር ሴቶች የደረቀና በጭስ የበሰለ ዓሣ በመንገዱ ዳር ሰቅለው ይሸጣሉ። አንዷ ሻጭ ሄልሜታችንን ስናወልቅ ሴቶች መሆናችንን አይታ ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠራች። ሦስት ዓሣ ገዝተን በአምስት ዓሣ ሄድን።

ከባልካሽ ከተማ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን፣ ጀንበሯ ዝቅ ስትል፣ ባለ ጎን ጋሪ አሮጌ ኡራል ሞተር ዳር ይዞ ቆሞ አየን። አንድ እረኛ እጁን ያውለበልባል። በጎን ጋሪው ውስጥ ሚስቱ ሕፃን ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። ተንከባካቢዋ ጓደኛችን ከሞተሯ ወርዳ ልጁን ስትነካው ይፋጃል። ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ከፊት የመጣው ነፋስ ቤንዚናቸውን ጨርሶባቸው ነው። ቀደም ብሎ አንድ ከባድ መኪና ቆሞላቸው ነበር፤ ነገር ግን የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፣ የያዘውም ናፍጣ ነው።

ጀሪካኑን የፈታችው ያቺው ማታ «እንጣለው» ያለችው ጓደኛችን ናት። እጇ ከሁላችን ፈጠነ። አምስቱን ሊትር ቀዳንላቸው። ሰውዬው ገንዘብ ሲያወጣ አልተቀበልንም። ጀሪካኑን መልሶ ሊሰጠን ሲል እሱንም ያዘው አልነው፤ ለመልሱ ጉዞ ያስፈልገዋልና። ከዚያ በእጁ ወደ ሰማይ አሳየን። በምዕራብ በኩል አቧራው ተነሥቶ ነበር። በጣቱ መሬት ላይ ሥዕል ሥሎ የእናቱን ቤት አመለከተን፤ ወደፊት ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ሰማያዊ በር ያለው። እዚያ እንድናድርና ቤንዚን ማግኘታቸውን ለእናቱ እንድንነግርለት ለመነን። ስልክ በዚያ ቦታ አይሠራም።

እናቱን ሁሉም «አፓ» ይሏቸዋል፤ እኛ «እማማ» እንደምንለው ነው። ደርሰን ሄልሜት ስናወልቅ ደነገጡ። ካራጋንዳ የምትማረው የልጅ ልጃቸው እንግሊዝኛ ስለምትችል መልእክቱን አደረስን። አፓ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ከዚያ ተነሥተው እሳቱን አነደዱ።

ካዛኮች ሳይጠራ የመጣን መንገደኛ «ቁዳይ ቆናቅ» ይሉታል። ትርጉሙ የእግዚአብሔር እንግዳ ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ሦስታችንም ተያየን። አያቶቻችን በመሸባቸው አገር ደጅ ቆመው «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብለው ይጣሩ አልነበረም? መልሱስ «ቤት ለእንግዳ» አልነበረም? ሻይ በወተት ቀረበልን። ሲኒው ግማሽ እንኳ አልተሞላም፤ ቅር ሊለን ሲል ልጅቷ ሳቀችና አስረዳችን። ለእንግዳ ትንሽ ትንሽ የሚቀዳው ደጋግሞ እንዲቀዳለትና እንዲቆይ ነው። ሲኒው ጢም ብሎ ከተሞላ «ጠጣና ሂድ» ማለት ነው። ስንት ሲኒ እንደጠጣን አልመዘገብንም።

ያን ሌሊት ነፋሱ ቤቱን ሲንጠው አደረ። ልጅቷ እየተረጎመች አፓ ብዙ አጫወቱን። ከብት አርቢ ሰው በዚያ አገር ከሁሉ በላይ የሚፈራው «ጁት» የሚሉትን ነው። ክረምት ላይ በረዶው ቀልጦ እንደገና ሲጋገር ሣሩን እንደ መስተዋት ይሸፍነዋል። ከብቱ ሣሩን እያየ በረሃብ ያልቃል። በአንድ ሌሊት ባለጸጋ የነበረ ሰው ባዶውን ይቀራል። ያን ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ከየመንጋው አንድ አንድ አውጥቶ ይሰጠዋል። ይህ ልማድ «ዥሉ» ይባላል፤ ቃሉ ሙቀት ማለት ነው። የሰጠ ሰው ነገ ጁት በእሱ ላይ ቢመጣ እንደሚሰጠው ያውቃል።

ይህ ሁሉ የፈረሰበትን ዘመንም ነገሩን። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1933 የስታሊን መንግሥት አርብቶ አደሩን በግድ በኅብረት እርሻ ሰበሰበ፤ ከብቱንም ወሰደ። አብዛኛው ከብት አለቀ፤ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው በረሃብ ሞተ። የአፓ እናት ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። «ጁት ሲመጣ ጎረቤት ያወጣናል፤ ያን ጊዜ ግን የሚሰጥ ጎረቤት አልቀረም። ሁሉም ባዶ ነበር» ብለው ይነግሯቸው እንደነበር አፓ አጫወቱን። ረሃብ ምን እንደሆነ የእኛም አገር ሰው ያውቃል፤ ለእናንተ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። እኛ ከዚያ የወሰድነው አንድ ነገር አለ። ለዚያ ሕዝብ ከብቱ ቀለቡም ገቢውም ነበር፤ ከዚያም በላይ የክፉ ቀን ተቀማጩ ነበር። ሁሉም ቤት ተቀማጩን በአንድ ጊዜ ሲያጣ መረዳዳቱም አብሮ ሞተ። ለመስጠት ቢያንስ አንዱ ጋ መኖር አለበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኡራሉ እየተንደቀደቀ መጣ። የልጁ ጆሮ ነበር ያመመው፤ መድኃኒት ተሰጥቶት ትኩሳቱ ወርዷል። እናቱ ፈገግ አለች። ሰውዬው ጀሪካኑን አወጣ። እስከ አፉ ሞልቶት ነው የመለሰው። አፓ ደግሞ አንድ ከረጢት «ኩርት» ሰጡን፤ ከእርጎ ተጨምቆ፣ ጨው ገብቶበት፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ትንንሽ ድብልብል ነው። አንዱን አፍ ውስጥ ይዞ አንድ ሰዓት መንዳት ይቻላል።

አስታና አጠገብ፣ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ስለ ኩርት ሌላ ታሪክ ሰማን። ቦታው «አልዢር» ይባላል። በስታሊን ዘመን የእናት አገር ከዳተኞች ተብለው የተፈረጁ ሰዎች ሚስቶች የታሰሩበት ካምፕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 መጀመሪያ ተከፈተ፤ በሙዚየሙ መረጃ መሠረት 18,000 ያህል ሴቶች አልፈውበታል። ጥፋታቸው ሚስት፣ እናት ወይም እህት መሆናቸው ብቻ ነበር። ሙዚቀኞች፣ ሐኪሞች፣ መምህራን ነበሩ። በክረምት ከሐይቁ ዳር ሸምበቆ እያጨዱ ማገዶ ያደርጉ ነበር፤ በጦርነቱም ጊዜ የወታደር ልብስ ሰፍተዋል። ዛሬ የብዙ ሺህ ሴቶች ስም በጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል።

በዚያ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ የክረምት ጧት ሴቶቹ ሸምበቆ ሲሸከሙ የአካባቢው ሽማግሌዎችና ልጆች ከጢሻው ወጥተው ድንጋይ ወረወሩባቸው። ጠባቂዎቹ «አያችሁ፣ እዚህም የሚወዳችሁ የለም» ብለው ሳቁ። አንዲት ሴት ተደናቅፋ ስትወድቅ ድንጋዩ ወተት ወተት ሸተታት። ኩርት ነበር። በዚያ ዘመን እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ከረሃብ ገና ማገገማቸው ነው። ከረጢቱን ከሻንጣችን አውጥተን ከግድግዳው ሥር ጥቂት አስቀመጥን።

አሁን ደግሞ እንድትስቁ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የአፓ የልጅ ልጅ በረታቸውን ስታሳየን «ይህ በረት የተሠራው በአሳር ነው» አለችን። እኛም አዝነን «አይዟችሁ» አልናት። እሷ ግራ ገባት። ለካ በእነሱ ቋንቋ «አሳር» ማለት ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱን ቤት የሚሠራበት ደቦ ነው! በእኛ አሳር የሚያዩበት ቃል በእነሱ አሳር የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ። ዕቁብም አላቸው። በኡዝቤኪስታን «ጋፕ» ይሉታል፣ ወግ ማለት ነው፤ በኪርጊስታን ደግሞ «ሸሪኔ» ይባላል። ሴቶች በየወሩ ተሰብስበው እየበሉና እየተጫወቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በተራም ይወስዳሉ። የእኛው ነው።

ውድ እህቶቻችን፣ ወደ ዛሬው አጀንዳ እንመለስ። ዕቁብና መጠባበቂያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዕቁብ ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው፤ ሊጠጣና ሊያስኬደን የተቀዳ ነው፣ ተራው የደረሳት ትውሰደው። መጠባበቂያ ጀሪካኑ ነው። ከመካከላችን ሰው ሞቶ አስከሬን አገር ቤት መላክ ሲያስፈልግ፣ ሥራዋን ያጣች እህት ከቤት ልትወጣ ስትል፣ ጠበቃ የሚያስፈልጋት ስትገኝ፣ ያን ቀን የምንሰጠው ከዚያ ነው። አሁን ብንከፋፈለው ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን የአንድ ወር ኪራይ እንኳ አይሸፍንም፤ መዝገቡን ማየት ይቻላል። በአንድ ላይ ሲሆን ግን አንዲትን ቤተሰብ ከመንገድ ያነሣል።

ስለዚህ ሦስታችን ለጉባኤው ሦስት ነጥብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የመጠባበቂያው መጠን በቁጥር ይወሰን። ጀሪካን መጠን አለው፤ ከአምስት ሊትር በላይ መሸከምም ሞተሩን ይጥላል። ከተወሰነው በላይ የተጠራቀመው በየዓመቱ ለሥራ ብድር ይውጣ። ኑሮ የከበዳቸው እህቶቻችን ጥያቄ በዚህ በኩል መልስ ያገኛል ብለን እናምናለን። ሁለተኛ፣ በምን በምን ምክንያት እንደሚከፈት አስቀድሞ ይጻፍ። በትኩሳት የሚነድ ልጅ ፊት ቆሞ ስብሰባ አይጠራም፤ እኛ የፈጠንነው ደንቡን አስቀድመን ስለተስማማን ነው። ሦስተኛ፣ የተጠቀመች እህት እንደ አቅሟ ቀስ በቀስ ትመልስ፤ አቅም የሌላት አትጨነቅ፣ ሌሎቻችን እንሞላለን። ያ እረኛ ጀሪካኑን ሞልቶ ሲመልስ ውለታ የከፈለ አልመሰለንም። ከእኛ ቀጥሎ በዚያ መንገድ ለሚቆም ሰው ነው የሞላው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። በዓመቱ መጨረሻ በሪፖርታችን ላይ ያልወጣ ገንዘብ ስታዩ ከጎኑ «የክፉ ቀን» ተብሎ እንዲጻፍና የሚከፈትበት ምክንያት እንዲዘረዘር እናደርጋለን። ያ ዓመት ሳይከፈት ካለፈ፣ እህቶቻችሁ በደኅና ከረሙ ማለት ነውና ደስ ይበላችሁ።

ሞተሮቹን አልማቲ ስንመልስ ሁለት ጀሪካን ሳይከፈት፣ አንዱ ደግሞ ተከፍቶና ተሞልቶ ተመልሷል። አከራዩ ቤንዚኑን በምን ዋጋ እንሽጥለት ብሎ ጠየቀን። በዚያው ቀን ወደ ሰሜን ለሚነሡ ሁለት ወጣት ሴቶች ሰጠናቸው።

የአፓ ኩርት ከሻይ ጠረጴዛው ላይ አለ። ጥርሳችሁን እየጠበቃችሁ ቅመሱ። ጥያቄ ካላችሁ በዕረፍት ሰዓት እንመልሳለን፤ ከዚያ ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንሂድ።